16 ሽቦዎች

ካርዱ ስፋቱ 22 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 30 ሚሊሜትር ነው። ከክብሪት ሳጥን በብዙ ያንሳል። በአንድ ጠርዙ በወርቅ የተለበጡ ፒኖች ተደርድረዋል። ከአንዱ ፒን መሀል እስከ ጎረቤቱ መሀል ግማሽ ሚሊሜትር ነው። የጀርባው ረድፍ ሩብ ሚሊሜትር ፈቀቅ ብሎ ስለተደረደረ የፊትና የኋላ ፒኖች ፊት ለፊት አይገጥሙም። በዚህ መጠን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ኤስኤስዲ ነው። ይኼኛው ግን ምንም አያከማችም። ከወገቡ ጠፍጣፋና ብርማ ኬብል ይወጣል፤ ኬብሉ ግማሽ ሜትር ሄዶ ትልቅ ግራፊክስ ካርድ የሚቀመጥበት ሶኬት ላይ ያልቃል።

የዚህ አስማሚ ሥራ አንድ ነው። የኤስኤስዲን ቦታ ይይዝና ለኤስኤስዲ የተዘረጋውን መንገድ ለግራፊክስ ካርድ ያስረክባል። በእጅ የሚያዝ የጌም ኮንሶልን ከትልቅ ካርድ ጋር ለማገናኘት ካሉት መንገዶች ሁሉ ጥሬው ይህ ነው። ጥሬ በመሆኑም የተደበቀ ነገር የለውም፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በዓይን ይታያል።

እኔ የምሞክረው በስቲም ዴክ ነው። ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የዚህ መሣሪያ ዋና ቺፕ ከ4 እስከ 15 ዋት ይወስዳል። ከኬብሉ ማዶ ያስቀመጥኩት ራዲዮን አርኤክስ 6700 ኤክስቲ እስከ 230 ዋት ይጠጣል። ለጨዋታ የሚፈልገው ኃይል በኬብሉ አይመጣለትም፤ ካርዱ የራሱ ፓወር ሳፕላይ አለው። በመሀላቸው የሚመላለሰው ሲግናል ነው። ትንሹ ያዛል፣ ትልቁ ይስላል።

የዴኩን ጀርባ የያዙት 8 ብሎኖች ናቸው፤ 4ቱ ረጅም፣ 4ቱ አጭር። ከመፍታት በፊት ማይክሮኤስዲ ካርዱ መውጣት አለበት። አንድ ወዳጄ ረስቶት ሽፋኑን ሲያላቅቅ ካርዱ ለሁለት ተሰበረ፤ ደረቅ ስንጥር ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ሽፋኑ ሲነሳ ቦርዱን የከደነ ቆርቆሮ ይታያል። አንዱ ብሎኑ በብርማ ፕላስተር ሥር ተደብቋል። ቆርቆሮው ከተነሳ በኋላ የባትሪው ኬብል ይነቀላል። ኤስኤስዲውን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነው። ኤስኤስዲው ራሱ ብረት ለበስ እጅጌ አጥልቋል፤ የሚያወጣው የሬዲዮ ጫጫታ ጎረቤቶቹን እንዳይረብሽ ነው። እጅጌውን አለመጣል ነው፤ ኋላ ይፈለጋል።

ኬብሉ መውጫ ይፈልጋል። አንዳንዱ የጀርባውን ሽፋን ሸንቁሮ ያወጣዋል። እኔ መቁረጡን አልወደድኩትም፤ ሽፋኑን ትቼ ዴኩን በደረቱ አስተኛሁት። ስርዓቱ የሚነሳው ደግሞ ከዚያው ከማይክሮኤስዲ ነው፤ የኤስኤስዲው ቦታ ተይዟላ። የካርድ ማስገቢያው በሰከንድ ከ104 ሜጋባይት በላይ ስለማያሳልፍ መነሳቱ ይዘገያል። ይህ የመጀመሪያው ዋጋ ነው።

አሁን ወደ ፒኖቹ። በዚህ ዓይነት ሶኬት 67 ፒኖች አሉ። ብዙዎቹ መሬት፣ 3.3 ቮልት እና ትናንሽ የቁጥጥር ምልክቶች ናቸው። 2ቱ በሰከንድ 100 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታውን የሰዓት ምት ይሸከማሉ። የግራፊክስ ካርዱን መረጃ የሚያመላልሱት 16 ብቻ ናቸው።

16ቱ የሚሄዱት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። አንድ ጥንድ ለመሄጃ፣ አንድ ጥንድ ለመምጫ፤ ሁለቱ ጥንዶች አንድ ላይ ሌን ይባላሉ። እዚህ 4 ሌኖች አሉ። በጥንዱ ውስጥ የአንዱ ሽቦ ቮልቴጅ ከፍ ሲል የሌላው በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ነው። ከውጭ የመጣ ጫጫታ ሁለቱንም እኩል ከነካቸው ልዩነታቸው አይለወጥም።

እኩል እንዲነካቸው ግን ተጠጋግተው መሄድ፣ እኩል ርዝመትም መያዝ አለባቸው። እዚህ ላይ የቦርዱ ነዳፊ እጅ ይታያል። ጥንዱ ሲታጠፍ የውስጠኛው መስመር ያጥራል። ነዳፊው ያጠረውን ለማካካስ በውስጠኛው መስመር ላይ ጥቃቅን ሞገዶች ይጨምርበታል። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ቀጥ ብሎ ሲሄድ የነበረ የመዳብ መስመር ድንገት ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠማዞ እንደገና ይቃናል። የሚያካክሰው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ሊሆን ይችላል። በሌንና በሌን መካከል ግን እንዲህ ያለ ጥብቅነት የለም። አንዱ ሌን ከሌላው እስከ 6 ናኖሰከንድ ቢዘገይ ተቀባዩ ጠብቆ ያሰልፋቸዋል። በጥንዱ ውስጥ ጥብቅ፣ በሌኖቹ መካከል ልል። ልፋቱ የዋለው በሚያስፈልገው ቦታ ብቻ ነው፤ ይህን ንድፍ ከምወድባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

በየላኪው ጫፍ ላይ፣ በእያንዳንዱ ሽቦ አንድ አንድ፣ ከሩዝ ፍሬ እጅግ ያነሱ ካፓሲተሮች ተሰልፈዋል። የተለመደው መጠናቸው 0.22 ማይክሮፋራድ ነው። የሚለዋወጠውን ሲግናል ያሳልፋሉ፤ የማይለዋወጠውን ቮልቴጅ ያግዳሉ። ስለዚህ በሁለት ወገን ያሉ ቺፖች የሚሠሩበት ቮልቴጅ አንድ መሆን የለበትም። የ15 ዋቱና የ230 ዋቱ መሣሪያ ቮልቴጃቸው ሳይነካካ የሚነጋገሩት በእነዚህ ነው።

የዴኩ ሶኬት ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ነው። እያንዳንዱ ጥንድ በሰከንድ 8 ቢሊዮን ቢት ይልካል። ለአንድ ቢት የሚደርሰው ጊዜ 125 ፒኮሰከንድ ነው። በእንዲህ ያለ ኬብል ሲግናል በአንድ ናኖሰከንድ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ይሄዳል። እንግዲህ አንድ ቢት በሽቦው ላይ የሚይዘው ቦታ 2.5 ሳንቲሜትር ነው ማለት ነው። በግማሽ ሜትሩ ኬብል ውስጥ፣ በየትኛውም ቅጽበት፣ በአንድ ጥንድ ላይ 20 ያህል ቢቶች በክር እንደተሰካ ዶቃ ተከታትለው እየሄዱ ነው። የመጀመሪያው ሳይደርስ ሃያኛው ተነስቷል። በ4.0 ፍጥነቱ እጥፍ ስለሚሆን ዶቃው ወደ 1.25 ሳንቲሜትር ያጥራል፤ በዚያው ኬብል 40 ይደረደራሉ።

ዶቃዎቹ በመንገድ ይደበዝዛሉ። ከቺፑ ወደ ቦርድ፣ ከቦርድ ወደ ፒን፣ ከፒን ወደ ኬብል፣ ከኬብል ወደ ሶኬት ሲሻገሩ በየመጋጠሚያው ጥቂቱ ተንጸባርቆ ይመለሳል፣ ጥቂቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የ3.0 ደረጃ ለመንገዱ ሁሉ የሚፈቅደው ኪሳራ 22 ዲሲቤል ያህል ነው። ወደ ቮልቴጅ ሲመነዘር ከተላከው አንድ አሥራ ሁለተኛው ገደማ ቢደርስ በቂ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከደከመ ሲግናል ላይ 1 እና 0 መለየት የሚቻለው ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው ስለሚለማመዱ ነው። ሲበሩ በሰከንድ 2.5 ቢሊዮን ቢት ይጀምራሉ፤ በዚያ ስንት ሌን እንዳላቸው ይስማማሉ። ከዚያ ወደ 8 ይወጣሉ። ላኪው 11 ዝግጁ ቅንብሮች አሉት። ተቀባዩ ከነዚህ ይመርጣል፣ ወይም የሲግናሉን ጠርዝ ጥቂት አጉላ፣ ጥቂት አሳንስ እያለ ያስተካክለዋል። ለእያንዳንዱ ሌን የየራሱ። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ስክሪኑ ላይ ምንም ሳይታይ ነው።

ካልተስማሙ አይጣሉም፤ ፍጥነት ይቀንሳሉ። የመጀመሪያው አስማሚዬ ይህን አሳየኝ። ጌሙ ይከፈታል፣ ሥዕሉ ያምራል፣ ግን በየጥቂት ሰከንዱ ይንገጫገጫል። የዴኩ ስርዓት፣ ስቲምኦኤስ፣ ሊኑክስ ስለሆነ የግንኙነቱን ፍጥነት በትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ 2.5 ነበር፤ 8 መሆን ሲገባው። ኬብሉ ከአስማሚው ካርድ ጋር የተበየደበትን ቦታ ሳየው የጥንዶቹ መከለያ ቶሎ ተገፍፎ ሽቦዎቹ 4 ሚሊሜትር ያህል ራቁታቸውን ሄደዋል። አሁን በእጄ ያለው አስማሚ ላይ የተራቆተው አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። እያንዳንዱ ጥንድ የየራሱን መከለያ እስከ ጫፉ ይዞ መጥቷል፣ መከለያውም ወዲያው ከመሬት ጋር ተበይዷል። የሁለቱ ልዩነት 3 ሚሊሜትር ያህል ነው።

ሁሉም በትክክል ሲገጥም ሒሳቡ እንዲህ ነው። 8 በ4 ሌን፣ 32 ጊጋቢት በሰከንድ። ከየ130 ቢቱ 2ቱ ለማቀናጃ ይውላሉ። ቀሪው ወደ ባይት ሲመነዘር 3.94 ጊጋባይት ነው። መረጃው የሚጓዘው ግን በጥቅል ነው። ለ128 ባይት ጭነት ከ20 እስከ 24 ባይት አድራሻ፣ ተራ ቁጥርና ስህተት ማጣሪያ ይታከላል። ይህ ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው 3.3 ጊጋባይት አካባቢ ነው። ካርዱ የተሠራው ለ16 ሌን 4.0 ስለነበር ከተዘጋጀለት መንገድ የሚያገኘው ስምንተኛውን ብቻ ነው፤ ሌኖቹ ሩብ፣ ፍጥነታቸው ግማሽ።

በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሄድ ጌም ለአንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ አለው። በዚያ ጊዜ በኬብሉ ሊያልፍ የሚችለው ቢበዛ 55 ሜጋባይት ነው። ካርዱ ግን የራሱን 12 ጊጋባይት ሜሞሪ በሰከንድ 384 ጊጋባይት ያነባል፤ በአንድ ፍሬም 6.4 ጊጋባይት ማለት ነው። በግቢው ውስጥ 6.4 ጊጋባይት የሚያንቀሳቅስ ቤት፣ በሩ 55 ሜጋባይት ብቻ የሚያስገባ።

ጨዋታው የሚሠራው ዕቃው አስቀድሞ ግቢ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ቴክስቸሩ፣ ማለትም ግድግዳን ግድግዳ፣ ቆዳን ቆዳ የሚያስመስለው ሥዕል፣ አንድ ጊዜ በበሩ ያልፍና ካርዱ ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። የሕንፃውና የሰዎቹ ቅርፅም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ በየፍሬሙ የሚያልፈው በአብዛኛው ትእዛዝ ነው፦ ይህን ቅርፅ እዚህ አስቀምጥ፣ ያንን ቴክስቸር አልብሰው፣ ብርሃኑ ከዚህ ይምጣ። ትእዛዝ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ስምንተኛው መንገድ ብቻ ቀርቶ የካርዱ ጉልበት ወደ ስምንተኛ የማይወርደው ለዚህ ነው። የሚጎዳው ዕቃው 12 ጊጋባይቱን ሞልቶ ሲተርፍ ነው። የተረፈው ኮንሶሉ ጋ ይቀራል፤ በተፈለገ ቁጥር በጠባቡ በር ይመላለሳል። ያኔ ነው መንገጫገጩ።

እዚህ ጀማሪን የሚያሳስት ነገር አለ። ጌሙ ሲከብድ የሥዕሉን ጥራት መቀነስ ልማድ ነው። በዚህ ግንኙነት ላይ ግን ሥዕሉ ባነሰ ቁጥር ካርዱ ቶሎ ይጨርሳል፤ ፍሬሙ ይበዛል፤ ለየፍሬሙ ትእዛዝ ስለሚያስፈልግ በሩም የባሰ ይጨናነቃል። ትልቅ ሥዕል፣ ጥቂት ፍሬም፤ ይህ አገናኝ የሚወደው ሥራ ይህ ነው። የዴኩ 4 ኮሮችም ትእዛዙን የሚያዘጋጁት እነሱ ስለሆኑ ከበሩ በፊት ሊደክሙ ይችላሉ። ያኔ ጥፋቱ የኬብሉ አይደለም።

ሌላው የመመለሻው ጉዳይ ነው። የተሳለው ሥዕል በካርዱ ላይ በተሰካ ሞኒተር ከታየ ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር የለም። በዴኩ ስክሪን ይታይ ከተባለ ግን እያንዳንዱ ፍሬም በመምጫ ጥንዶቹ ይመለሳል። 1280 በ800፣ በየነጥቡ 4 ባይት፣ 4.1 ሜጋባይት። ለመሻገር 1.2 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ከ16.7 ላይ የሚታገሡት ነው።

የሌኖቮ ኮንሶል በሆነው ሊጅን ጎ ላይ ግን ይህ ቁጥር ይከፋል። ስክሪኑ 2560 በ1600፣ በሰከንድ 144 ጊዜ የሚታደስ ነው። አንዱ ፍሬም 16.4 ሜጋባይት ይመዝናል፤ ያለው ጊዜ 6.9 ሚሊሰከንድ ነው። ግንኙነቱ ደግሞ በዩኤስቢ 4 ነው። ኬብሉ ላይ 40 ጊጋቢት የሚል ይጻፋል፤ የማይዋሽ ግን ያልተብራራ ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ አቅጣጫ 2 ጥንዶች፣ እያንዳንዳቸው 20 ጊጋቢት ይይዛሉ። በዚያ መንገድ የግራፊክስ ካርዱ ጥቅሎች ብቻቸውን አይሄዱም፤ በሌላ ጥቅል ውስጥ ይታሸጋሉ፣ ከሞኒተርና ከዩኤስቢ ዕቃ ጋር ይጋፋሉ፣ ማዶ ላይ ይፈታሉ። የዚህ አሠራር ታላቅ ወንድም በሆነው በተንደርቦልት 3 ለመረጃ የሚተርፈው 22 ጊጋቢት፣ ማለትም 2.75 ጊጋባይት ነበር። በዚህ መንገድ የሊጅን ጎን አንድ ፍሬም ለመመለስ 6 ሚሊሰከንድ ይሄዳል። ከ6.9 ላይ 6! ሊጅን ጎን በዩኤስቢ 4 ያገናኘ ሰው የውጭ ሞኒተር ቢያዘጋጅ ይሻለዋል።

ለዩኤስቢ 4 ፍትሐዊ ልሁን። የተከፈተ ሽፋን የለም፣ የወጣ ኤስኤስዲ የለም። በዚያው ኬብል ኮንሶሉ ይሞላል። ኬብሉም ውብ ሥራ ነው። በመሰኪያው ውስጥ ፒኖች፣ ማንነቱን የሚናገር ትንሽ ቺፕ፣ በውስጡም ፀጉር የሚያካክሉ የተከለሉ ሽቦዎች አሉ። ማጉያ የሌለው ኬብል በዚህ ፍጥነት ከ80 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም። አጭር ብለው የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ግን ርዝመቱን ሳየው ምን ያህል እንደተጨነቁበት ይገባኛል።

በነገራችን ላይ የኒንቴንዶ ስዊች መትከያ ውስጥ ግራፊክስ ቺፕ ያለ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። የለም። መትከያው ኃይል ይሰጣል፣ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን ያሳልፋል። የሚፈጥነው ያው የስዊቹ ቺፕ ነው፤ ኃይል ሲያገኝ እስከ 768 ሜጋኸርዝ ይወጣል።

አሱስ ለአርኦጂ አላይ ኮንሶሉ ከዩኤስቢ ሲ ጎን የራሱን ሰፊ ማገናኛ ሠርቶ 8 ሌን ሰጥቶት ነበር። ያ መሰኪያ የተሠራው ለራሱ ለኩባንያው ካርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አላይ ኤክስ ላይ ማገናኛው ቀርቶ በቦታው ዩኤስቢ ሲ ገብቷል።

በእኔ ሚዛን የተሻለው ኦኪዩሊንክ የተባለው ማገናኛ ነው። ጂፒዲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 በዊን 4 እና በዊን ማክስ 2 ኮንሶሎቹ ላይ አድርጎታል፤ ጂ1 የተባለውን፣ ፓወር ሳፕላዩን በሆዱ የያዘ ውጫዊ ካርድም አብሮ አውጥቷል። በመሠረቱ እኔ ዴኩን ፈትቼ ያወጣኋቸው እነዚያው 16 ሽቦዎች ናቸው፤ ልዩነቱ ቦርዱን የሠራው ሰው ራሱ በጠርዙ ላይ በር መክፈቱ ነው። ጥቅል በጥቅል ውስጥ አይታሸግም። ፍጥነቱ 4.0 ስለሆነ 7.88 ጊጋባይት ያልፋል፤ ከዴኩ እጥፍ። ኃይል አያስተላልፍም። ሲነቅሉትና ሲሰኩት መሣሪያውን ማጥፋት ይገባል። መሰኪያው ሲገባ ቀጭን የብረት መንጠቆ ቀጭ ብሎ ይይዘዋል፤ ለማውጣት መንጠቆውን ተጭኖ መሳብ ነው። ከዚህ በላይ ምንም አልተጨመረበትም። ተንደርቦልት 5 በጥቅል መንገዱ እስከ 64 ጊጋቢት ለፒሲአይ ኤክስፕረስ ስለሚፈቅድ ወደዚሁ ልክ ይደርሳል፤ ግን ማሸግና መፍታቱ አልቀረለትም።

የእኔ ዴክ ግን ኦኪዩሊንክ የለውም። የዩኤስቢ ሲ ፖርቱም 10 ጊጋቢት ብቻ ነው፤ የግራፊክስ ካርድ መንገድ በውስጡ አያልፍም። ስለዚህ ለጉዞ ስነሳ ሁሉንም እመልሳለሁ። አስማሚውን አወጣለሁ። ኤስኤስዲውን ከነእጅጌው ወደ ቦታው አስገብቼ በአንዱ ብሎን አስራለሁ። የባትሪው ኬብል፣ ቆርቆሮው፣ ብርማው ፕላስተር። 4 ረጅም፣ 4 አጭር ብሎን። ማይክሮኤስዲ ካርዱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።